ሀርጌሳ ፕሬዚዳንት ቀየረች፣ የእኛ የባህር በር ጉዳይስ?

የጎረቤት ምርጫ ሲነሳ ብዙዎቻችን ማን አሸነፈ ብለን ጠይቀን እናልፋለን፣ የሶማሊላንዱ ግን ዝም ብሎ የሚታለፍ አልነበረም። ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም ሶማሊላንዶች ወጥተው መረጡ፣ ኅዳር 10 ውጤቱ ተነገረ፣ የዋዳኒ ፓርቲው አብዲራህማን መሐመድ አብዱላሂ፣ ሰዉ ሁሉ ኢሮ እያለ የሚጠራቸው ማለት ነው፣ ወደ 64 ፐርሰንት የሚጠጋ ድምፅ ይዘው ስልጣን ላይ የነበሩትን ሙሴ ቢሂ አብዲን አሸነፏቸው። ሙሴ ቢሂ 35 ፐርሰንት እንኳን አልሞላላቸውም። እና እኚህ የተሸነፉት ሰው እኮ አስር ወር ከምናምን በፊት አዲስ አበባ መጥተው ከጠቅላይ ሚኒስትር አብይ አህመድ ጋር ያን የባህር በር የመግባቢያ ሰነድ የፈረሙት ሰው ናቸው።

ስለዚህ እዛ የተቆጠረው ድምፅ በቀጥታ እኛን ይመለከታል። እኔ ነገሩን ሳየው ምርጫው ውሉን ገደለው ወይ የሚለው አይደለም ዋናው ነገር፣ ውሉማ ከምርጫው በፊትም ትንፋሽ አጥሮት ነበር። ምርጫው ያሳየን ሌላ ነገር ነው፣ ከጎረቤት ጋር የምናደርገው ትልቅ ትልቅ ስምምነት ሁሉ የሚቆመው በሁለት መሪዎች ትውውቅ ላይ መሆኑን፣ ከሁለቱ አንዱ ሲነሳ ደግሞ ነገሩ ከዜሮ መጀመሩን ነው ያሳየን።

ሰነዱ የተፈረመው ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ነው። የሶማሊላንድ ባለስልጣናት እንደተናገሩት ኢትዮጵያ ለባህር ኃይሏ የሚሆን 20 ኪሎ ሜትር የባህር ዳርቻ ለ50 ዓመት በሊዝ ታገኛለች፣ በምላሹ ሶማሊላንድ የአገርነት እውቅና ታገኛለች ነው ነገሩ። የእኛ መንግስት ግን ባወጣው መግለጫ እውቅናን በተመለከተ ጥልቅ ግምገማ አድርጌ አቋም እወስዳለሁ ነው ያለው፣ ከዛ ውጪ ከመንግስት ድርጅቶች ድርሻ ስለመስጠት ተነስቷል፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ስምም አብሮ ተጠቅሷል። ልብ በሉ፣ አንዱ እውቅና ተሰጥቶኛል ይላል፣ አንዱ ደግሞ ገና አስብበታለሁ ይላል፣ እና ሙሉ ሰነዱ ለህዝብ አልወጣም። ሀርጌሳ ያሉት ተቃዋሚዎችም ሲያነሱት የነበረው ይሄንኑ ነው፣ ምን እንደተፈረመ ንገሩን፣ ለምክር ቤት ለምን አይቀርብም የሚል። ኢሮ በቅስቀሳው ጊዜ ውሉን አልፈልግም ብለው አልተነሱም፣ እቀበለዋለሁ ብለውም እራሳቸውን አላሰሩም፣ ግልፅነት የለውም በሚለው ላይ ነው የቆዩት፣ ይሄ ደግሞ ስልጣን ሲይዙ እንደፈለጉ ለመንቀሳቀስ ሰፊ ቦታ ሰጥቷቸዋል።

ሙሴ ቢሂ ለምን ያን ያህል ፈለጉት የሚለውን ማየት ጥሩ ነው። እሳቸው የተመረጡት ኅዳር 2010 ላይ ነው፣ ያኔም ተፎካካሪያቸው እነዚሁ ኢሮ ነበሩ። አምስት ዓመታቸው ሊያልቅ ሲል ምርጫው ሊራዘም ነው ተብሎ ሰው ሰልፍ ወጣ፣ የሞተም አለ፣ ከዛም ጉርቲ የሚባለው የሽማግሌዎች ምክር ቤት ሁለት ዓመት ጨመረላቸው። ከዛ ደግሞ በምስራቋ ከተማ በላስ አኖድ ከሀርጌሳ አስተዳደር መውጣት ከሚፈልጉ የአካባቢው ኃይሎች ጋር ጦርነት መጣ፣ ከጥር 2015 መጨረሻ ጀምሮ ከተማዋ ስትደበደብ ከርማ ነሐሴ ላይ የሶማሊላንድ ጦር ዋና ዋና ካምፖቹን ለቆ ወጣ። ይሄ ሁሉ ባለበት ለአንድ ፕሬዚዳንት ከ30 ዓመት በላይ የተጠበቀ እውቅና አመጣሁላችሁ ብሎ ምርጫ ውስጥ መግባት ትልቅ ካርድ ነው። ግን ካርዱ አልሰራም፣ እውቅናው ራሱ አልመጣማ፣ ቢመጣም ኖሮ የኑሮ ውድነቱንና የላስ አኖድን ቁስል ይሸፍን ነበር ብዬ አላስብም።

እዚህ ላይ ስለ ሶማሊላንድ ምርጫ አንድ ነገር ካላልኩ ቅር ይለኛል። በእኛ ቀጠና ስልጣን ላይ ያለ ሰው በምርጫ ተሸንፎ ወደ ቤቱ ሲሄድ ማየት ብርቅ ነው። እዛ ግን 1995 ላይ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫው በ80 ድምፅ ልዩነት አልቆ ሰው ተቀብሎት አልፏል፣ 2002 ላይ ዳሂር ሪያሌ ተሸንፈው ስልጣን አስረክበዋል፣ አሁን ደግሞ ሙሴ ቢሂ። ለ2010 ምርጫ መራጩን በአይን አሻራ ነው የመዘገቡት፣ ከዓለም ቀድመው። እኔ ይሄን አከብራለሁ፣ ግን ክብሩ እንዳለ ሆኖ ለእኛ ዲፕሎማሲ የሚያስከትለው ነገር አለ፣ ሀርጌሳ ላይ ከአንድ ሰውዬ ጋር ተማምኖ ነገር መጨረስ አይቻልም፣ ሰውየው በአምስትም በሰባትም ዓመት ይነሳል።

ከሞቃዲሾም ተመሳሳይ ነገር አይተን ነበር እኮ። ሰኔ 2010 ላይ አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትራችን ሞቃዲሾ ሄደው ከሶማሊያው ፕሬዚዳንት ፎርማጆ ጋር አራት ወደቦችን አብሮ ስለማልማት ተነገረ፣ ሁለት ወር ከምናምን ቆይቶ አስመራ ላይ ከኢሳያስ አፈወርቂ ጋር ሆነው የሶስትዮሽ ስምምነት ተፈረመ፣ ሁላችንም ቀጠናው ተቀየረ ብለን ነበር። ግንቦት 7 ቀን 2014 ሞቃዲሾ ኤርፖርት ግቢ ውስጥ የምክር ቤት አባላት ድምፅ ሰጥተው ሀሰን ሼክ መሐመድ 214 ለ110 አሸነፉ፣ በቃ፣ የዛ ዘመን ወዳጅነት አብሮ ሄደ። ስለ አራቱ ወደቦች ዛሬ የሚያነሳ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ወደ ሀርጌሳ ልመለስ። የኢሮን መምጣት ለእኛ የተለየ ያደረገው ጊዜው ነው። በዓለ ሲመታቸው ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ነበር፣ ከዛ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ታኅሣሥ 2 ላይ ደግሞ አንካራ ውስጥ በኤርዶጋን አደራዳሪነት ጠቅላይ ሚኒስትር አብይና ሀሰን ሼክ የአንካራን መግለጫ አወጡ። መግለጫው ሶማሊላንድ የሚል ቃል የለበትም፣ ኢትዮጵያ በሶማሊያ ፌዴራላዊ ሪፐብሊክ ሉዓላዊ ስልጣን ስር አስተማማኝ የባህር መተላለፊያ ታገኛለች ነው የሚለው፣ የቴክኒክ ንግግሩ እስከ የካቲት መጨረሻ ባለው ጊዜ ተጀምሮ በአራት ወር እንዲያልቅ ነበር የተባለው። አስቡት እንግዲህ፣ አዲሱ ፕሬዚዳንት ቃለ መሃላ ሊፈፅም ሲዘጋጅ ከእሱ በፊት የነበረው ሰው የፈረመው ትልቁ ውል በሌላ ከተማ ላይ በሌላ ተተክቷል። በግልፅ ተሰረዘ ያለ ሰው የለም፣ ግን የሶማሊያን የግዛት አንድነት አከብራለሁ ብሎ የፈረመ መንግስት ለሶማሊላንድ እውቅና ሊሰጥ እንደማይችል ለማንም ግልፅ ነው።

ይሄ ለኢሮ በአንድ በኩል ክብደት አቅልሎላቸዋል እላለሁ። ውሉ እዛው አገር ውስጥም ተቃዋሚ ነበረው፣ በተለይ አውዳል በሚባለው በምዕራቡ ክፍል፣ ባህር ዳርቻው ከዛ አካባቢ ይሰጣል ተብሎ ስለተወራ ቅሬታው ትልቅ ነበር፣ የመከላከያ ሚኒስትሩ ራሱ ውሉ እንደተፈረመ በሳምንቱ ስራውን ለቆ ወጥቷል። ኢሮ እሱን ጭቅጭቅ ሳይነኩት ወደ ሌላ ስራ መሄድ ችለዋል። በሌላ በኩል ግን አዲስ አበባ ላይ የሚያምኑት ነገር ቀንሷል፣ ዛሬ የፈረመ ነገ አንካራ ሄዶ ሌላ ይፈርማል የሚል ስሜት እዛ ቢኖር አይፈረድባቸውም።

የሁለቱን ሰዎች የኋላ ታሪክ ማወቅም ይጠቅማል። ሙሴ ቢሂ የድሮው የሶማሊያ አየር ኃይል አብራሪ ነበሩ፣ በኋላ ኤስ ኤን ኤም የሚባለውን አማፂ ተቀላቀሉ፣ ኤስ ኤን ኤም ደግሞ ከኢትዮጵያ ምድር ተነስቶ ነበር ሲያድ ባሬን የሚወጋው። 1980 ላይ መንግስቱና ሲያድ ባሬ ታርቀው አንዱ የአንዱን አማፂ ላይረዳ ሲፈራረሙ ነው ኤስ ኤን ኤም ሀርጌሳ ላይ የገባው፣ ከተማዋ በአውሮፕላን ስትደበደብ ህዝቡ ወደ እኛ ተሰደደ፣ ጅግጅጋ አካባቢ ያለው ሀርተሸክ ያኔ ከዓለም ትላልቅ የስደተኛ ካምፖች አንዱ ነበር። ስለዚህ ለሙሴ ቢሂ ትውልድ ኢትዮጵያ ማለት መጠለያም የጦር ሰፈርም ናት። ኢሮ ደግሞ በዲፕሎማትነት ሞስኮ የሰሩ፣ ከዛ ከ1998 ጀምሮ ለ12 ዓመት ያህል የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩ ሰው ናቸው፣ መንገዳቸው የንግግርና የፕሮቶኮል ነው። እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ሌሊት የሚያስደነግጥ ዜና ይዞ አይመጣም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ለእኛ ይሄ መጥፎ አይደለም ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም የ2016ቱ ዜና ያስከፈለንን አይተናል።

ምን አስከፈለን? ሶማሊያ ሳምንት ሳይሞላ ውሉን ዋጋ ቢስ የሚያደርግ ህግ አወጣች፣ መጋቢት መጨረሻ ላይ አምባሳደራችንን አስወጣች፣ ነሐሴ 2016 ላይ ከግብፅ ጋር ወታደራዊ ስምምነት ፈርማ የግብፅ መሳሪያ ሞቃዲሾ ገባ። በአባይ ጉዳይ ከእኛ ጋር የተፋጠጠች አገር በምስራቅ ድንበራችን በኩል መጣች ማለት ነው። ጥቅምት መጀመሪያ አካባቢ 2017 ላይ የግብፅ፣ የኤርትራና የሶማሊያ መሪዎች አስመራ ላይ ተሰበሰቡ። አልሸባብን ለመዋጋት እዛ ያለው ሰራዊታችንም ከአዲሱ የአፍሪካ ህብረት ተልዕኮ ውስጥ ይውጣ እስከመባል ተደረሰ፣ ከአንካራ በኋላ ነው ያ የረገበው፣ ሀሰን ሼክ ጥር ላይ አዲስ አበባ መጡ፣ የእኛም ጠቅላይ ሚኒስትር የካቲት ላይ ሞቃዲሾ ሄዱ።

አሁን ከመሪዎቹ ወረድ ብለን ድንበር ላይ እንይ፣ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ቶጎ ውጫሌ የሚባለው ከተማ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዛ ነው፣ በገመድ የተዘጋች ኬላ ናት ሁለቱን የምትለየው። ጠዋት ከአወዳይ የተነሳ ጫት በጅግጅጋ አድርጎ እዚህ ደርሶ ቀኑ ሳይመሽ ሀርጌሳ መግባት አለበት፣ ውሎ ካደረ ይጠወልጋል፣ የጠወለገ ጫት ደግሞ ማንም አይገዛውም። ስለዚህ ኬላው ለግማሽ ቀን ቢዘጋ አወዳይ ያለው ገበሬም፣ ጫኙም፣ ሀርጌሳ መንገድ ዳር ጠረጴዛ ላይ የምትቸረችረው ሴትዮም አብረው ይከስራሉ፣ የሶማሊላንድ መንግስትም ከጫት ቀረጥ የሚያገኘው ገቢ ይቀርበታል። በተቃራኒው ደግሞ ከበርበራ የመጣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዘይት፣ ልብስ፣ ኤሌክትሮኒክስ በኮንትሮባንድም በህጋዊም ይገባል። ከሶማሌ ክልል የሚነዳው በግና ግመል በርበራ ወርዶ ወደ ሳዑዲ ይጫናል፣ በተለይ አረፋ ሲቃረብ። ይሄ ሁሉ ንግድ ፕሬዚዳንቱ ማንም ይሁን ማን ይቀጥላል፣ ግን ቀረጡ ስንት ይሁን፣ ኬላው መቼ ይከፈት፣ ገንዘቡ በብር ነው በዶላር የሚለው የሚወሰነው በሁለቱ መንግስታት ግንኙነት ነው፣ እና በየምርጫው የሚቀያየረው ባለስልጣን እዚህች ኬላ ላይ ይሰማል።

ላስ አኖድም እንዲሁ። ጦርነቱ ሲነሳ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደ ሶማሌ ክልል ዶሎ ዞን ነው የገባው፣ ድርቅ ወዳደቀቀው አካባቢ፣ አስተናጋጁ ህዝብ ራሱ ውሃ በቦቴ እየጠበቀ ባለበት። ሚርቃን የሚባል የስደተኛ መንደር ተከፍቷል። ኢሮ ስልጣን ሲይዙ ላስ አኖድን በሰላም እፈታዋለሁ የሚል ተስፋ ሰጥተው ነበር፣ ከዛ ወዲህ ግን አካባቢው ከሞቃዲሾ ጋር በፌዴራል ግዛትነት ተደራጅቷል፣ ስለዚህ ጥያቄው ከሀርጌሳ እጅ ብቻ ወጥቷል። እዛ ዳግም ተኩስ ከተከፈተ የሚሮጠው ሰው የሚሮጠው ወደ እኛ ነው፣ እና ይሄ ጉዳይ ከወደቡ እኩል መነሳት ሲገባው በእኛ ሚዲያ ላይ ስሙ እንኳን አይጠራም፣ ይሄ ያሳዝነኛል።

ወደቡን በተመለከተ ደግሞ አንድ ያለፈ ታሪክ አለ፣ ብዙ ሰው የረሳው። የካቲት 2010 ላይ ኢትዮጵያ ከበርበራ ወደብ 19 ፐርሰንት ድርሻ እንድታገኝ ተስማምታ ነበር፣ የዱባዩ የወደብ ኩባንያ ዲፒ ወርልድ 51፣ ሶማሊላንድ 30። በዲፕሎማሲ ጥያቄ ሳይሆን በቢዝነስ ውል የተገኘ ድርሻ ነበር። 2014 ላይ ሶማሊላንድ በይፋ ኢትዮጵያ ማሟላት ያለባትን ስላላሟላች ድርሻዋን አጥታለች አለች። ይሄን ምርጫ አልወሰደብንም፣ ጎረቤትም አልነጠቀንም፣ ተከታትሎ የሚያስፈፅም አካል ስላልነበረ ነው የሄደው። አዲሱ ተርሚናል ሰኔ 2013 ላይ ተመርቋል፣ 400 ሜትር መቆሚያ አለው፣ በዓመት 500 ሺህ ኮንቴይነር ማስተናገድ ይችላል፣ በአቡዳቢና በእንግሊዝ ገንዘብ ከበርበራ እስከ ቶጎ ውጫሌ ወደ 250 ኪሎ ሜትር የሚሆነው አስፋልት ተሰርቷል። እኛ ግን አሁንም ከ90 ፐርሰንት በላይ ዕቃችንን በጅቡቲ ነው የምናመጣው።

ጅቡቲን ማጣጣሌ አይደለም፣ ባቡሩም መንገዱም ልምዱም እዛ አለ፣ ነጋዴውም አስመጪውም የለመደው እሱን ነው። ግን ጅቡቲም ፕሬዚዳንት አላት፣ ኢስማኤል ኦማር ጌሌ ከ1991 ዓ.ም ጀምሮ ነው ያሉት፣ 2018 ላይም የፕሬዚዳንት የእድሜ ገደቡ ከህገ መንግስቱ እንዲወጣ ተደርጓል። ከ120 ሚሊዮን በላይ ህዝብ ያለው አገር አንድ በር ብቻ ይዞ፣ ያ በር ላይ ያለው ሰው ሲቀየር ምን እንደሚመጣ ሳያውቅ መቀመጡ ያስፈራል፣ እና በርበራ የሚያስፈልገን ለባህር ኃይል ከመሆኑ በፊት ለዚህ ነው፣ ሁለተኛ በር እንዲኖረን።

ጥቅምት 2018 ላይ ኢሮ አዲስ አበባ መጥተው ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ተገናኝተዋል። የ20 ኪሎ ሜትሩ ነገር እንደ ድሮው አልጮኸም፣ ንግድ፣ መንገድ፣ ወደብ፣ ፀጥታ ነው የተወራው። እኔ ይሄን አካሄድ እደግፋለሁ። ከዛ ታኅሣሥ 17 ቀን 2018 እስራኤል ለሶማሊላንድ እውቅና ሰጠች፣ ሙሴ ቢሂ ከእኛ የጠበቁትን ኢሮ ከሌላ አገኙት ማለት ነው። ይሄ የእኛን የመደራደር አቅም ይነካዋል፣ ምክንያቱም 2016 ላይ በእጃችን የነበረው ትልቁ ነገር የመጀመሪያው እውቅና ሰጪ መሆን ነበር፣ አሁን ያ ቦታ ተይዟል። በሌላ በኩል የአፍሪካ ህብረት መቀመጫው አዲስ አበባ ነው፣ ህብረቱ ደግሞ እውቅናውን ተቃውሟል፣ ስለዚህ ሀርጌሳ አሁንም የአዲስ አበባን ፊት ማየቷ አይቀርም፣ ሞቃዲሾም፣ ካይሮም፣ አንካራም እንዲሁ ያዩታል።

እና ምን ይደረግ ብትሉኝ፣ ከመሪዎች ፊርማ በታች ያለው ስራ ላይ ነው መግፋት ያለብን። አንድ ኮንቴይነር በርበራ ወርዶ በእኛ ጉምሩክ ፕሎምፕ ታሽጎ ሳይፈታ ጅግጅጋ ወይ ድሬዳዋ የሚደርስበት የትራንዚት አሰራር፣ የጭነት መኪና ሹፌሮቻችን መንጃ ፈቃድና ኢንሹራንስ እዛ እንዲሰራላቸው፣ አስመጪው ኤልሲ፣ ማለትም ባንኩ ለሻጩ ክፍያ ዋስ የሚሆንበትን ሰነድ፣ ሲከፍት በርበራን መዳረሻ ብሎ መፃፍ እንዲችል ባንኩ እንዲቀበለው፣ እሱ ራሱ ቀላል አይደለም፣ ለሶማሊላንድ አብዛኛው አገር አሁንም እውቅና ስላልሰጣት የባንክና የኢንሹራንስ ነገር ሁልጊዜ ይወሳሰባል። ከቶጎ ውጫሌ ጅግጅጋ ባለው በእኛ በኩል ደግሞ ኬላው ላይ ተሳቢ መኪና የሚቆምበት ቦታ፣ ሚዛን፣ ፍተሻ በሰዓት የሚያልቅበት መንገድ መኖር አለበት። እነዚህን ሀርጌሳ ላይ ከፕሬዚዳንቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከምክር ቤቱ፣ ከተቃዋሚዎቹ፣ ከአውዳል ሽማግሌዎች፣ ከነጋዴዎቹ ጋር እየተነጋገሩ፣ ለሞቃዲሾም ይሄ የንግድ ነገር ነው ብሎ በግልፅ እያሳወቁ መስራት ይቻላል፣ የሙሴ ቢሂ ፓርቲ ኩልሚዬም በሚቀጥለው ምርጫ ተመልሶ ቢመጣ ሊያፈርሰው የማይፈልገው ነገር ይሆናል፣ ምክንያቱም ያኔ ሲፈርስ መጀመሪያ የሚጮኸው የራሱ መራጭ ነው። የኢሮ የስልጣን ዘመን አምስት ዓመት ነው፣ ከአንድ ዓመት በላይ አልፏል።